ምጽዋትና መብት

ሰው ለወገኑ የሚያደርገው በጎ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለናል እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ፣ ካለኝ ላይ ቀንሼ የምሰጠው ነው፤ እርሱም ምጽዋት ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ የወንድሜ ድርሻ ሆኖ ሳለ በእኔ እጅ የቆየውን የምመልስለት ነው፤ እርሱም መብት ይባላል። ምጽዋት የሰጠ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። የሰውን ድርሻ የመለሰ ሰው ግን ግዴታውን ፈጸመ እንጂ ምስጋና አይጠብቅም። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያቀላቅል ሰው ልቡ ደግ ሆኖ ሳለ ክፉ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ይህንንም የምናገረው ራሴ ከሠራሁት ጥፋት ተምሬ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ጥፋቴን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ስለ ሕጉ እናገራለሁ።

ዘመኑ 1973 ዓ.ም. ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሆኜ በአንዲት የወረዳ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሳይቀሩ በየቀበሌው ፊደል ይቈጥሩ ነበርና፣ እኛ መምህራን ድንቁርናን ከአገር የምናባርር አርበኞች የሆንን ይመስለን ነበር።

በመስከረም ወር የአዲስ ተማሪዎች መዝገብ በእኔ እጅ ነበር። አንድ ቀን ጧት አንድ ገበሬ ዐሥር ዓመት የሚሆነውን ልጁን በጀርባው አዝሎ መጣ። የልጁ ሁለት እግሮች በልምሻ ደርቀው ተንጠልጥለዋል። ትምህርት ቤታችን በተዳፋት መሬት ላይ የተሠራ ስለ ነበረ ወደ ክፍሎቹ ለመግባት ሰባት የድንጋይ ደረጃ መውጣት ያስፈልግ ነበር። ገበሬው ደረጃውን ወጥቶ ልጁን ከፊቴ አስቀመጠና «የኔታ፣ ይህን ልጅ ፊደል እንዲያስቈጥሩልኝ አመጣሁት» አለኝ።

እኔም ልጁን አየሁት፤ ደረጃውንም አየሁት። ከዚያም የአባቴ እኩያ የሚሆነውን ያን ሰው «አንተ» እያልሁ፣ «ይህ ትምህርት ቤት እንዲህ ላለ ልጅ የተሠራ አይደለም። ማን ያወጣዋል? ማንስ ያወርደዋል? በሌላ አገር ለእንዲህ ያሉት የተዘጋጀ ቦታ አለ ይባላል፤ ወደዚያ ውሰደው» አልሁት። አባትዮውም «ጧት ጧት አዝዬ አመጣዋለሁ፤ ማታም አዝዬ እወስደዋለሁ» ብሎ ለመነኝ። እኔ ግን አይሆንም አልሁ። ነገር ግን ልቤ ስለ ባባ ከኪሴ ሁለት ብር አወጣሁና «ለመንገድህ ይሁንህ» ብዬ ዘረጋሁለት። ሰውዬው ብሩን አልተቀበለም። ልጁን መልሶ አዘለና «ገንዘብ ፈልጌ አልመጣሁም፣ የኔታ» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

በዚያን ቀን ራሴን እንደ ክፉ ሰው አልቈጠርሁም። እንዲያውም ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ስንጫወት፣ ችግረኛ ሆኖ ሳለ ገንዘብ አልቀበልም ያለ ኩራተኛ ገበሬ እንዳጋጠመኝ እየሳቅሁ አወራሁላቸው።

ይህን ያደረግሁት የተሻለውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከእኛ ጋር ማየት የተሳነው አንድ ልጅ ይማር ነበር። አንዲት የውጭ አገር መምህርት የብሬልን ፊደል አስተምራው፣ በወፍራም ወረቀት ላይ የተነቈጡትን ነጥቦች በጣቱ እየዳሰሰ ያነብ ነበር። ማታ ፋኖሱ ሲጠፋ እኛ መጽሐፋችንን አጥፈን ስንተኛ እርሱ በጨለማው ውስጥ ማንበቡን ይቀጥል ስለ ነበረ ሁላችንም እንቀናበት ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትም ሁለት እግሩ ሽባ የነበረውን ሜምፊቦስቴን ንጉሥ ዳዊት በማዕዱ ዘወትር እንዲቀመጥ እንዳደረገው ተምረናል። የሙሴ ሕግ በማያይ ሰው መንገድ ላይ ዕንቅፋት ማኖርን እንደሚከለክልም ተምረናል። በዚህ ሁሉ ተፈትኜ አልፌአለሁ። ነገር ግን ትምህርቱ በደብተሬ ላይ ቀረ እንጂ ወደ መዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ከእኔ ጋር አልመጣም።

ስለዚያ ጓደኛችን አንድ ነገር ልጨምር። መምህርቲቱ ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ የሚተካት ሰው ስላልነበረ የልጁ ትምህርት ተቋረጠ። የእርሷ ሥራ ታላቅ በጎ ሥራ ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ነገር ግን ችሮታ ከሰጪው ጋር ይመጣል፤ ከሰጪው ጋርም ይሄዳል። ሕግ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ መልካሙ ሰው በሄደ ጊዜ መልካሙ ነገር ከእርሱ ጋር እንዳይሄድ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ጉልበቴንም ያመኝ ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ ወረቀት ለማስፈረም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ብሄድ ጉዳዩን የሚመለከተው ሹም በአራተኛው ፎቅ ላይ ነው አሉኝ። አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል። ሁለት ፎቅ ከወጣሁ በኋላ ጉልበቴ እምቢ አለኝና ጋቢዬን ተከናንቤ ከደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ወጣት በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝና ዐሥር ብር በእጄ ላይ አኖረልኝ። ልቡ ደግ ነበረ። እኔም ሳላስበው «ልጄ፣ ገንዘብ ፈልጌ አልመጣሁም» አልሁት። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ያ ገበሬ ትዝ አለኝ። ብሩን ለወጣቱ መልሼ ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች ያወጣቻቸውን ሕጎች ከነጋሪት ጋዜጣ እየፈለግሁ አነብ ጀመር። እኔ የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሕጎቹን በየዘመናቸው ቅደም ተከተል ያነበበ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ይረዳል። ይኸውም ሕጉ ራሱ እንደ ሰው ቀስ በቀስ መማሩ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ያልቻሉ እንደ ሆነ፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተደነገገውን ጥበቃ ለራሳቸው እንዲጠይቁ ይፈቅድላቸዋል። እንዲሁም የማያይ ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ጽሑፍ ላይ የጣቱን ምልክት ቢያኖር፣ በውል አዋዋይ ወይም በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንዳያስገድደው ይደነግጋል። የሕጉ ሐሳብ እንዳይታለሉ መጠበቅ ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ነገር ግን ጥበቃ ከበዛ አጥር ይሆናል። አንድ ማየት የተሳነው የሥራ ባልደረባዬ ዲግሪውን ይዞ ለሃያ ዓመት ታሪክ ሲያስተምር ኖሮ፣ የገዛ ደመወዙን የሚያስቀምጥበት ሒሳብ ሊከፍት ወደ አንድ ባንክ በሄደ ጊዜ «የሚያነብልህና የሚፈርምልህ ሰው ይዘህ ና» ተብሎ ተመልሷል። ይዞት የሄደው ምስክር የስምንተኛ ክፍል ተማሪው ነበረ። መምህሩ በተማሪው ተያዥነት ሰው ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው።

በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በዚያን ዘመን «ድኩማን» ይባሉ ለነበሩት ወገኖች ማቋቋሚያ የሚሆን መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ተቋቋመ። መንግሥት ጉዳዩን የራሱ ሥራ አድርጎ መቀበሉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን በዚያ ትእዛዝ አተረጓጐም ድኩም ማለት ሠርቶ ማደር የማይችልና ረዳት የሌለው ሰው ማለት ነበርና፣ ለሥራ ያልደረሱ ሕፃናትና ያረጁ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በዚሁ ስም ውስጥ ተጠቃለሉ። ሕጉ የሚያየው ሰውዬው የጐደለውን እንጂ ያለውን አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብት እንዳላቸው ተናገረ። ለእነርሱ ተብለው የሚለዩ የሥራ ቦታዎች እንዲኖሩም አደረገ። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 568 ያንን ሕግ ሲተካ በመግቢያው ላይ ስሕተቱን በግልጥ አስረዳ። የሥራ ቦታ ለብቻ ለይቶ መስጠቱ፣ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት አይችሉም የሚል አስተሳሰብ እንዳሳደረ አመለከተ። ሕግ የራሱን ስሕተት ሲናገር መስማት ያስደስታል፤ ሰውም እንዲሁ ቢያደርግ መልካም ነበር።

የአዲሱን አዋጅ ትርጓሜ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አካል ጉዳተኛ ማለት የአካል ወይም የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ስላለበት፣ ኅብረተሰቡም በኢኮኖሚና በማኅበራዊ ኑሮ በባህልም በሚያደርስበት መድልዎ ሳቢያ እኩል የሥራ ዕድል ያላገኘ ሰው ማለት ነው ይላል። የ1963ቱ ትእዛዝ ጉድለቱን ከሰውዬው ላይ ብቻ ያየው ነበር። የ2000ው አዋጅ ግን በሰውዬውና በእኛ መካከል አገኘው። ሰባቱን ደረጃ አስቡ። የልጁ እግር ልምሻ ስለ መታው ብቻ ትምህርት አልተከለከለም፤ ደረጃም ስለ ነበረ፣ ከደረጃውም በላይ እኔ ተቀምጬ ስለ ነበርሁ ነው።

ይኸው አዋጅ ሌሎችም ፍሬ ያላቸው ነገሮች አሉት። በፈተና እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡት መካከል አካል ጉዳተኛው ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል። አሠሪው የሥራውን ቦታና የሥራውን መሣሪያ እንዲያመቻችለት፣ አስፈላጊም ሲሆን ረዳት እንዲመድብለት ያስገድዳል። ከሁሉም ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ፣ አካል ጉዳተኛው መድልዎ ደረሰብኝ ብሎ የከሰሰ እንደ ሆነ የማስረዳቱ ሸክም በከሳሹ ላይ ሳይሆን በተከሳሹ ላይ እንዲያርፍ ማድረጉ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በ1973 ዓ.ም. ለትምህርት ቤት ቢኖር ኖሮ፣ ያ ገበሬ ከዳኛ ፊት ቢያቆመኝ «አላደላሁም» ብሎ ማስረዳት የእኔ ፈንታ በሆነ ነበር። ምን ብዬስ አስረዳ ነበር?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩትን ልጆች እንዲረዳ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትና ደረጃ መውጣት ለማይችሉት የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ እንዲመቻች ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ዓ.ም. የተቀበለውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መጻሕፍት ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በብሬል ወይም በድምፅ ሲዘጋጁ የደራሲ መብት ዕንቅፋት እንዳይሆን የሚያደርገውን የማራካሽን ስምምነት በአዋጅ ተቀበለች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በፋኖስ ማጥፊያ ሰዓት ያነብ የነበረው ጓደኛዬ ትዝ አለኝ፤ መምህርቲቱ ከሄደች በኋላ አንድ ስንኳ አዲስ መጽሐፍ አላገኘም ነበርና።

ከሕጎቹም ጋር ሥራዎች አሉ። በሰበታ፣ በባኮና በሻሸመኔ ማየት ለተሳናቸው ልጆች፣ በሆሳዕናም መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ብዙ ሰው አፍርተዋል። በመናገሻም በልምሻ የተጐዱ ሕፃናት እየታከሙ በክራንችና በብረት ድጋፍ መራመድን ተምረዋል። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም መሥራት የሚችለውን በሥራ እያሰማራ፣ መሥራት ለማይችለው ቤተ ሰብ ደግሞ ያለ ሥራ ድጋፍ እንዲሰጠው አድርጓል። እንግዲህ ርዳታ አያስፈልግም የምል እንዳይመስላችሁ። የተራበ ሰው መብላት አለበት። የምለው ይህ ነው፦ ቦታ ለሚጠይቅ ሰው እንጀራ ሰጥቶ መሸኘት ርዳታ አይደለም፤ ማባረር ነው።

ይህ ሁሉ ሕግ እያለ ታዲያ ስለ ምን አሳንሰሩ ተበላሽቶ ይቀራል? ስለ ምንስ አዲስ የተሠራው ሕንፃ ሁሉ በደረጃ ይጀምራል? ብዙ ሰዎች አገራችን ድኻ ስለ ሆነች ነው ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ደረጃ የሚሠራበት ድንጋይና ሲሚንቶ ተዳፋት መውጫም ይሠራበታል፤ ሕንፃው ሳይጀመር የታሰበበት እንደ ሆነ ብዙ ወጪ አይጨምርም። ውድ የሚሆነው ረስተን ቆይተን በኋላ እናፍርስ ስንል ነው። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ለእውነተኛ ድኽነት የተጻፈ ነው እንጂ ለመርሳት ምክንያት እንዲሆን የተጻፈ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ልጆቹን ስለማናያቸው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ አካል ጉዳተኞች ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ሆነው ተቈጠሩ። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ግን የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ከመቶ 17.6 ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። የጥያቄው አቀራረብና የትርጓሜው ልዩነት ይህን ማራራቁ እውነት ነው። ነገር ግን ቈጣሪው በደጅ ቆሞ ሲጠይቅ በጓዳ የተደበቀው ልጅ እንደማይቈጠር የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ወላጆች ጉዳቱን የእርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት አድርገው ስለሚያዩት ያፍራሉ። አነጋገራችንም ያግዛቸዋል። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» እያልን ስንስቅ በጓዳ ያለው ልጅ ይሰማናል። ያልተቈጠረ ልጅ ወንበር አይዘጋጅለትም፤ ወንበር ያልተዘጋጀለትም ልጅ ይበልጡን ይደበቃል።

አይችሉም ለሚል ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ተጐድቶ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ከታከመ በኋላ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተደረገው ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወርውሯል። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤም በሻሸመኔ በካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመታገሏ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እርሷ እንደምትናገረው፣ ዓይኗን ማጣቷ በሕፃንነቷ ከመዳር አድኗት ወደ ትምህርት መርቷታል። እኔ አበበ በተጐዳ ጊዜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤታችን ሁሉ አልቅሷል። ለጀግናው ያለቀስሁት እኔ ነኝ የገበሬውን ልጅ የመለስሁት።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን ይህ ነው። ሕግ ሁሉ ከብዙ መንገድ በኋላ ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። በ1973 ዓ.ም. ያንን ልጅ አትመዝግብ የሚል ሕግ አልነበረም። መዝግብ ብሎ ያስገደደኝም አልነበረም። ለዚያ ገበሬ መንግሥት ማለት እኔ ነበርሁ፤ ሕግም እኔ ነበርሁ። ዛሬ መዝግብ የሚል ሕግ አለ። ነገር ግን ዛሬም ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሰው ተቀምጧል። ያ ሰው ሕጉን ካላወቀ፣ ወይም ዐውቆ እንደ እኔ ሁለት ብር አውጥቶ ኅሊናውን ካስተኛ፣ ነጋሪት ጋዜጣው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

አሁን የልጁን ነገር ልጨርስላችሁ። ከደረጃው ላይ ከተቀመጥሁበት ቀን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደዚያች የወረዳ ከተማ ለለቅሶ ሄጄ ነበር። አንዲት ነርስ መጥታ ጉልበቴን ሳመችኝና «የኔታ፣ ሦስተኛ ክፍል አስተምረውኛል» አለችኝ። ደስ ብሎኝ መረቅኋት። እርሷም ቀጥላ «ወንድሜም የእርስዎ ተማሪ ነው» አለችኝ። ስሙን ስትነግረኝ አላስታወስሁትም። «በክፍል ውስጥ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማታ ማታ እርስዎ ያስተማሩኝን ሁሉ ለእርሱ አስተምረው ነበር። አባቴ እርሱ ያላወቀውን አንቺም አታውቂም ብሎ ስላዘዘኝ፣ በደንብ ሳልሰማ ከክፍል አልወጣም ነበር» አለችኝ። የማን ልጅ መሆኗን ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጣ ስታዳምጠኝ ለሁለት ሰው ታዳምጥ ነበር፤ እኔ ግን ጐበዝ ተማሪ ናት ብዬ ብቻ አልፌአት ነበር።

በማግሥቱ ወደ ወንድሟ ወሰደችኝ። ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግናል። በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱ በደጅ ቆሟል፤ የሱቁም ደፍ ከመንገዱ ጋር እኩል ነው። አባቱ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። እኔም የሠራሁትን ሳልሸሽግ ተናገርሁና ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም የያዘውን ሰዓት አስቀመጠና «የኔታ፣ ይቅርታው ለእኔ ቀላል ነው። አሁን ያሉት ልጆች በምን ይወጣሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። በማለዳው በትምህርት ቤቱ አጠገብ ሳልፍ ሰባቱ ደረጃዎች እንደ ነበሩ ነበሩ።

በ2011 ዓ.ም. ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከተማሪዎች ወላጆች ጋር ተሰብስበን በደረጃው አጠገብ ተዳፋት መውጫ ሠራን። መጀመሪያ አጭር አድርገን ልንሠራው ነበር። ሰዓት ጠጋኙ ግን መጥቶ አየና «ይህ ለፍየል ነው እንጂ ለጎማ አይሆንም» አለን። ከፍታው አንድ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ ዐሥራ ሁለት ሜትር መሆን እንዳለበትም አስረዳን። እርሱ እንዳለው አደረግን። ድንጋዩን ወላጆች አመጡ፤ ሲሚንቶውንም ተዋጥተን ገዛን። በመስከረም በክራንች የምትሄድ አንዲት ልጅ ተመዘገበች፤ ዓይኑ የደከመ አንድ ልጅም መጣ። ነፍሰ ጡር የነበረችው መምህርትና ውኃ በጋሪ የሚያመጣው ዘበኛም በዚያው ይወጡ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ግን እስካሁን አልተስተካከለም፤ ስለዚህ ሥራው አልቋል ማለት አልችልም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣላችሁ። መሐንዲስ የምትሆኑ፣ የመጀመሪያውን መስመር ስትስሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣውን ሰው አስቡ። መምህር የምትሆኑ፣ መዝገቡን ስትከፍቱ ከጓዳ ያልወጣውን ልጅ ጠይቁ። የባንክና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የምትሆኑ፣ የመጣውን ባለጉዳይ እንጂ አብሮት የቆመውን ሰው አታናግሩ። ጎረቤታችሁ የደበቀው ልጅ ያለ እንደ ሆነ ወላጆቹን ሳታሳፍሩ መብቱን ንገሯቸው። ምጽዋት ስጡ፤ እጃችሁን አትጠፉ። ነገር ግን እጃችሁ ወደ ኪሳችሁ ሲሄድ ጥቂት ቆም በሉና፣ ይህ ሰው የመጣው ለምንድን ነው ብላችሁ ራሱን ጠይቁት። ገንዘብ ፈልጎ ያልመጣ ሰው ይኖራልና።